ሦስተኛው ትርጉም

ሰኔ 2፣ ሰኞ

የምሳ ሰዓቱ ትምህርት ተጀመረ። ክፍል ስላልተገኘ የልብስ ፋብሪካችንን የጨርቅ መጋዘን ሰጡን። ተማሪዎቼ ጥቅል ጨርቅ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ የካርቶን ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ሐሳቡ የሥራ አስኪያጃችን ነው። ከውጭ ከመጣ ከረመ፤ ከእኛ ቋንቋ የሚያውቃት ቃል ግን "ቶሎ" ብቻ ናት። ሠራተኛው በቁመቱ "ረጅሙ" ይለዋል። እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ። "የክፍል ኃላፊዎቹ ትንሽ እንግሊዝኛ ቢለምዱ አንቺም ከማሽን ማሽን ከመሮጥ ታርፊያለሽ" አለኝ።

ከአጭሯ ቃል ልጀምር ብዬ "ጎ" አልኩ። ሂድ ማለት ነው፣ አለቀ፣ ቀላል። ቀላል መስሎኝ!

መካኒኩ እጁን አወጣ። "ረጅሙ ማሽኑ ሲነሳለት 'ኢት ኢዝ ጎይንግ' እያለ ይደሰታል። ማሽኑ የት ሊሄድ ነው? በብሎን አስሬው የለ እንዴ!"

ይሠራል ማለቱ ነው አልኩ። የሸሚዝ ቁልፍ ክፍሏ ኃላፊ ቀጠለች። ወሬ ስለማያመልጣት "ሬዲዮ" ነው የምትባለው። "እኔንስ ምን ሠራኝ መሰላችሁ! ቁልፉን ከጨርቁ ጋር አስተያየና 'ዳዝንት ጎ' አለ። አይሄድም፣ አይላክም ያለ መስሎኝ ካርቶኑን ሙሉ መጋዘን መለስኩት።"

አይስማማም ማለቱ እንደነበር ስነግራት ራሷን ያዘች። ያኔ እታለም፣ ረጋ ብላ፣ "እኛስ 'ይሄዳል' እንል የለ? ይሄ ቀሚስ ከጫማው ጋር ይሄዳል እንላለን። መብራት ሄደ እንላለን። ማንም የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም" አለች።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት፣ የኮሌታ ክፍል ኃላፊ። ክፍል ውስጥ "አስተማሪ" ትለኛለች። ሳቄን ለመያዝ ወደ ካርቶኑ ዞርኩና ያለፈውን ጊዜ "ዌንት" ብዬ ጻፍኩ። መካኒኩ አልማረኝም። "'ጎ' ሄዶ 'ዌንት' ሆነ? ምን ወንጀል ሠርቶ ነው ስሙን የቀየረው?"

ደስ የሚል ቀን ነበር።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። "ጎ ኦን" ቀጥል። "ጎ ኦፍ" ተበላሸ፣ ደግሞም ጮኸ፣ ደግሞም ፈነዳ። ሬዲዮ "እንደ ባሌ ነው፤ የቱን እንደሚያደርግ አይታወቅም" አለች። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ግማሹን አልተሰማማንም።

ሰኔ 13፣ ዓርብ ማታ

ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙና ተሰበሰብን። ረጅሙ ሳጥን ላይ ወጣ፣ እኔ ከሥሩ ቆምኩ። አዲስ ማሽን ተገዝቷል አለ። አስተረጎምኩ። ማሽኑ የሚገባበት አዳራሽ አልቋል፣ ሰፊ ነው፣ ትላልቅ መስኮት አለው አለ። አስተረጎምኩ፤ ተጨበጨበ። ማሽኑ ኮሌታ በራሱ ቆርጦ በራሱ ይሰፋል አለ። እሱንም፣ ምን እንዳዘለ ሳላስብ፣ አስተረጎምኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና ክረምቱ ሲያልቅ የኮሌታ ክፍልን "ሌት ጎ" ማድረግ ግድ ይሆንብናል አለ።

ከሥራ ማሰናበት ማለት ነው። "እናባርራችኋለን" ማለት ለአፋቸው ሲከብዳቸው የሚሉት ነው፤ የያዙትን እጅ ቀስ አድርገው እንደሚለቁ ሁሉ።

እታለም ከፊት ቆማለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁሌም ሳስተረጉም እንደምታደርገው ከንፈሯን አብራኝ ታንቀሳቅሳለች፤ ቃል እንዳይጠፋኝ የምታግዘኝ ይመስል። ከኋላዋ የኮሌታ ሴቶች፣ ከሠላሳ የሚበልጡ፣ ሁሉም አፌን ያያሉ። ከዚያ "ክረምቱ ሲያልቅ የኮሌታ ክፍል ይለቀቃል" አልኩ።

ይለቀቃል። ውሸት አይደለም። ቃል በቃል ከሆነ ልክ ነው። ሰውም ሥራ ለቀቀ ይላል።

"ወደ አዲሱ አዳራሽ ነዋ!" ብላ ሬዲዮ ከኋላ ጮኸች። የኮሌታ ሴቶች አጨበጨቡ፤ አንዷ አፏጨች። ረጅሙ ጭብጨባውን ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ወደ እኔ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

መንገድ ላይ እታለም ክንዴን ይዛ መጣች። ነገ እነግራታለሁ። ዛሬ ደክሟታል።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

አልነገርኳትም። ልብስ ስናጥብ ዋልን። ስለ መስኮቱ ነው የምታወራው። ብርሃን ከግራ ከመጣላት ዓይኗን አይወጋትም።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ረጅሙ ቢሮው ጠራኝ። "እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላ ቦታ ይህንኑ ስናገር ጠርሙስ ነው የተወረወረብኝ። አንቺ እንዴት ብታስረጃቸው ነው?" አለና "ኢት ዌንት ዌል" ብሎ ጨረሰ። ያው ቃል። ነገሩ በደህና ሄደ ማለቱ ነው።

መናገር ይቻል ነበር። በሩ ዝግ ነው፣ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ግን ስልኩ ጮኸ።

ዋናው ቢሮ ከመስከረም ጀምሮ ቋሚ አስተርጓሚ እንደሚፈልግና የእኔን ስም እንዳነሳም ነገረኝ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ስልኩ ባይጮህ እነግረው ነበር።

አሁን ሳስበው ስልኩ የጮኸው ስለ ዋናው ቢሮ ከነገረኝ በኋላ ነው።

ሰኔ 22፣ እሁድ

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ሱቋ ውስጥ ሁለተኛ ማሽን አስገብታለች። "አንቺ ካልተቀመጥሽበት ማን ሊቀመጥበት ነው?" አለቻት እታለምን። "ሌላ ሰው ሳላናግር አንቺን ልበል ብዬ ነው።"

እታለም ደስ አላት፤ ፊቷ ፈካ። ግን "ምነው ባለፈው ዓመት ባልሽኝ!" አለች። "አሁን አዲስ አዳራሽ ልንገባ ነው። ሴቶቹን ጥዬ የት እሄዳለሁ?"

ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ እንኳ ምከሪያት እንጂ! የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። "እሷ ታውቃለች" አልኩ።

እሷ ታውቃለች አልኩ! ምኑን ነው የምታውቀው?

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

መካኒኩ ዛሬ አልቀለደም። "'ሌት ጎ' ምንድን ነው? ረጅሙ በስልክ ሲደጋግመው ሰማሁ። 'ኮላር' ይላል፣ 'ሌት ጎ' ይላል።"

ካርቶኑ ላይ ጻፍኩ። አንድ፦ በእጅ የያዙትን መልቀቅ፤ ገመድ፣ እጀታ። ሁለት፦ በልብ የያዙትን መተው፤ ቂም፣ ሐዘን። እታለምን ሁለተኛው ማርኳት፣ እያነበነበች ገለበጠችው።

"ሌላስ የለውም?" አለ መካኒኩ።

"የለውም ጋሼ።"

እሱ አልጻፈም። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ብቻ አየኝ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

እጅ መታጠቢያው ጋ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ሬዲዮና የኮሌታ ክፍሏ ነፍሰ ጡር። "መደገፊያ ያለው ወንበር ነው አሉ" ትላለች ሬዲዮ። "እሰይ፣ ወገቤ ሊገላገል ነው" ትላለች ነፍሰ ጡሯ። "ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ ብቻ።" "ሂጂ ወዲያ! የእኛ ክፍል ኃላፊ እህት እኮ ናት ያስተረጎመችው።"

ተራዬ ሳይደርስ ወጣሁ። እጄን ሳልታጠብ በላሁ።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

እታለም ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ ከቀትር በኋላ ገባች። የት ነበርሽ ብላት ሳቀች። የኮሌታ ሴቶች ተጠራርተው፣ በእረፍት ቀናቸው፣ ማንም ሳያዛቸው አዲሱን አዳራሽ ሲጠርጉ ውለዋል። ዘበኛውን ለምነው ነው የገቡት። መስኮቶቹን በጋዜጣ ወልውለዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ተከፋፍለዋል። ለነፍሰ ጡሯ ከበሩ አጠገብ ሰጧት፣ ቶሎ ቶሎ ስለምትወጣ።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለችኝ።

ራሴን አሞኛል አልኩ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ቀረሁ። አሞኛል ብዬ ላክሁ። የእውነትም አሞኛል። እታለም ሥራ ከመግባቷ በፊት ዝንጅብል አፍልታ ሰጠችኝ፣ እግሬን በራሷ ጋቢ ጠቀለለችልኝ። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። እሷ ትምህርቷን አቋርጣ ማሽን ላይ ተቀመጠች፤ "ከሁለታችን አንዳችን ከተማርን ይበቃል" አለች አሉ። እኔ አላስታውሰውም። የማስታውሰው የደብተሬን ጠርዝ በተረፈ የኮሌታ ጨርቅ ስትለብጥልኝ ነው።

እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ዛሬ ብነግራት "መቼ አወቅሽ" ትለኛለች። ያን ማታ ብነግራት ኖሮ አትለኝም ነበር። ጥያቄው በየቀኑ ይከብዳል፤ እኔም በከበደ ቁጥር አንድ ቀን እጨምርበታለሁ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው።

ሌላ ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር። ግን ገብቼ ጥቅል ጨርቁ ላይ ተደርድረው ሳያቸው፣ እታለም ቦታ እየያዘች፣ ሬዲዮ የምሳ ዕቃዋን እየከደነች፣ አዲስ ካርቶን አነሳሁና "ሌት ጎ" ብዬ ጻፍኩ።

"ይሄንን ተምረን የለ?" አለች ሬዲዮ።

"ሦስተኛ ትርጉም አለው" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። "አሠሪ ሠራተኛውን ከሥራ ሲያሰናብት ይለዋል።"

መካኒኩ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ አልጻፈበትም። "ያን ዓርብ ሳጥኑ ላይ ሆኖ ያለው የትኛውን ነው?" አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደሚያባብል።

"ሦስተኛውን።"

"የኮሌታ ክፍልን?"

"አዎ ጋሼ። ማሽኑ የሚመጣው በእነሱ ቦታ ነው።"

ሬዲዮ "ወይ ጉድ! እኔ ነኝ አዳራሽ ብዬ የጮህኩት፣ እኔ ነኝ" ማለት ጀመረች። እታለምን አላየኋትም፤ ማየት አልቻልኩም። ደብተሯን ዘግታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ ወደ በሩ ስትሄድ ነው የሰማኋት። በሩ ላይ ቆማ "ለሴቶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ እንዳትመጪ" አለች። አስተማሪ አላለችኝም።

ማታ፦ እራት አቀረበች፤ እሷ አልበላችም። ስታነሳ ቆም አለችና፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ለአንቺ ብዬ ያስተማርኩሽ ይመስለኝ ነበር" አለች። "አሁን ሳየው ለራሴም ነበር። እኔ የማይገባኝን የሚነግረኝ አንድ ሰው ቤቴ ውስጥ ይኑረኝ ብዬ ነው።"

ይቅርታ ልል ተነሳሁ። መብራቱን አጥፍታ ገባች።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሴቶቹ ጠዋት ማሽን ሳያስነሱ ረጅሙ ቢሮ ገቡ። ከፊት እታለም ናት። እኔን አስጠራኝ፤ ሌላ አስተርጓሚ የለውማ።

"የስንብት ማስጠንቀቂያ አልደረሰንም በይው" አለች እታለም። ዓይኗ እሱ ላይ ነው።

ነገርኩት። ግራ ገባው። "ምን ማለታቸው ነው? ቆሜ ነገርኳቸው! አጨብጭበዋል እኮ! አላጨበጨባችሁም ወይ በያቸው።"

"አላጨበጨባችሁም ወይ ይላል።"

"አጨብጭበናል" አለች እታለም። "የሰማነው ግን ሌላ ነው።"

ይህን ስነግረው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

ለሴቶቹ "ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው እያለኝ ነው" አልኩ። ለእሱ "ይለቀቃል ነው ያልኩት፤ ወደ አዲሱ አዳራሽ የሚዛወሩ መሰላቸው፤ አላረምኩም" አልኩት። ከዚያ ያልኩትን መልሼ ለሴቶቹ አስተረጎምኩ፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ። "አላረምኩም" ስል ነፍሰ ጡሯ በእጇ ሆዷን ያዘች።

ረጅሙ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ስህተቱ የአንቺ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ፣ ማስጠንቀቂያው ያን ቀን ተነግሯል፣ የሚቆጠረውም ከዚያ ነው አለ። አስተረጎምኩ። ሴቶቹ አጉረመረሙ።

እታለም እጇን አነሳችና ዝም አሉ። "እሷ አጥፍታለች" አለች፣ ቀና ብላ። "እኛ ደግሞ አልሰማንም። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱንም ንገሪው። አንዱ አንዱን አይሰርዘውም። የማስጠንቀቂያው ቀን የሚቆጠረው ከዛሬ ነው።"

ነገርኩት። በሕይወቴ እንዲህ አጥርቼ አስተርጉሜ አላውቅም። እሱ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሲመለስ ድምፁ በርዶ ነበር። ዋናውን ቢሮ እጠይቃለሁ፣ ቀኑ ከዛሬ እንዲቆጠር እሟገታለሁ አለ። እታለምን ጨበጣት። ሴቶቹ ወጡ።

እኔን "ዩ ካን ጎ" አለኝ።

መሄድ ትችያለሽ ማለት ነው፤ ከቢሮው ይሁን ከሥራው አልጠየቅኩትም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ከሥራው ነው። ዘበኛው በሩ ላይ "እንዳትገቢ ተብሏል፣ የኔ እህት" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። እታለም አጠገቤ ነበረች። አንድ አፍታ ቆም አለች፣ ከዚያ ገባች። ለብቻዬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ከእታለም የምሰማው "እራት አለ"፣ "በሩን ቆልፊው"፤ ከዚህ አያልፍም። ሬዲዮ መጥታ ነው ወሬውን የነገረችኝ። ቀኑ ከሐምሌ አሥራ አንድ እንዲቆጠር ተስማምተዋል። አሥር ሴቶች ወደ እጅጌ ክፍል ይዛወራሉ፤ ነፍሰ ጡሯ የወሊድ ፈቃዷን ይዛ ከነሱ ጋር ናት። የቀሩት ይሰናበታሉ። የሚዛወሩትን የመረጠችው እታለም ናት። ራሷን አላስገባችም፤ ኃላፊ ሆኜ ራሴን ከመረጥኩ ነገ ማን ያምነኛል ብላለች።

"መካኒኩ ስላንቺ ምን አለ መሰለሽ?" አለች ሬዲዮ። ንገሪኝ አልኩ። "'ነግራናለች፣ ግን ሴቶቹ መስኮቱን ከወለወሉ በኋላ ነው' አለ።"

ዋናው ቢሮ ሌላ ሰው ቀጥሯል አሉ። ስሰማው ቅር አለኝ። ቅር ማለቴ ነው ያስደነገጠኝ። ለካ እስከዛሬ እየጠበቅኩ ነበር።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

እታለም ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄዳ ነበር። አልነገረችኝም፤ ልብስ ሰፊዋ ናት መንገድ ላይ አስቁማ የነገረችኝ። በሁለተኛው ማሽን ላይ የእህቷ ልጅ ተቀምጣበታለች። "ሥራ ከጀመረች በኋላ ልጅቷን እንዴት ተነሺ ልበላት? ያኔ እሺ ብትለኝ ኖሮ..." አለች። አዎ። ያኔ እሺ ብትል ኖሮ።

ያኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

እታለምና ሁለት የኮሌታ ሴቶች የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ተቀብለው አስቀድመው ወጡ፤ ሴቶቹ እኛ ቤት መዋል ጀምረዋል። ከፊቱ ክፍል አልጋዬ ወጥቶ ጠረጴዛ ገብቶበታል። የወንድ ሸሚዝ ሰፍተው ለሱቅ ለማስረከብ ነው። ጠዋት ሰላም ይሉኛል፣ ከዚያ ወደ ስፌታቸው ያጎነብሳሉ። አንደኛዋ ዛሬ መርፌ ወድቆባት ፈልጌ ሳነሳላት "ተባረኪ" አለች፤ ወዲያው ደግሞ የተጸጸተች መሰለች።

ቁልፍ ልትከል ብዬ እታለምን ጠየቅኳት። ሸሚዙን ወረወረችልኝ። የተከልኩትን ሁሉ አይታ፣ ፈታ፣ መልሳ ሰጠችኝ። እንደገና ተከልኩ። እንደገና ፈታችው። በሦስተኛው አልፈታችውም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ዛሬ እታለም የተዘጋጁትን ሸሚዞች ጠቅልላ ወደ ገበያው ልትወጣ ነው። ባለሱቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታናግረው ነው። እድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ እንጂ ስትሸጥ አላየኋትም። መስታወቱ ፊት ቆማ የምትለውን ለራሷ ስትናገር ሰማኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛዋ ሴት "ሁለታችሁ ሂዱ እንጂ፣ እሷ ንግግር ትችላለች" አለች፣ ወደ እኔ እያየች።

እታለም ጫማዋን አሰረች። ጥቅሉን አነሳች። በሩ ጋ ደርሳ፣ ሳትዞር፣ "ነይ" አለችኝ።

መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አንድ ቦታ ጥቅሉን ልቀበላት ብዬ እጄን ስዘረጋ አንዱን ጫፍ ብቻ ሰጠችኝ፤ ለሁለት ይዘነው ተሻገርን። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ነጠላዋን አስተካከለችና ፊት ለፊት አየችኝ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

"አንድ ቃል እንዳትናገሪ" አለች። "የምናገረው እኔ ነኝ። ቃል ቢጠፋኝም ተይኝ፣ ራሴ አገኘዋለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁሚ።"

ባለሱቁ ሸሚዙን ገለበጠ፣ ኮሌታውን ጎተተ፣ ዋጋ አንኳሰሰ። እታለም መጀመሪያ ድምፏ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አልተንቀጠቀጠም።

እኔ አጠገቧ ቆምኩ።